ለብቻው የሚተኛው ባና

የመጋዘኑ መዛኝ ክንፈ የፈትሉን ልቃቂቶች ከሚዛኑ ላይ አንድ በአንድ እያነሣ መልሶ ቅርጫቷ ውስጥ ከተታቸው።

"ምነው? ሚዛኑን እንኳ አላየኸውም እኮ" አለች አመተሥላሴ።

"አይመዘንም፣ እትዬ።"

"እርጥብ ነው እንዳትል ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ነው የሰነበተው። ወፍራም ነው እንዳትል፣ ያ ለማሳያ ብለህ ግድግዳው ላይ የሰቀልከው የማን ፈትል ነው? የእኔ አይደለም?"

"ፈትሉማ ምን ይወጣለታል።" ክንፈ ዐይኑን ከሚዛኑ ላይ አላነሣም። "ከእርስዎ ቤት እንዳልቀበል ታዝዤ ነው።"

ከኋላዋ ተሰልፈው ሲንጫጩ የነበሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አመተሥላሴ ዞር ስትል አጠገቧ የነበረችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ሰብሰብ አድርጋ ግማሽ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሸሸች። ነገሩን ሁሉም ሰምቶታል፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ነበረች።

ክንፈ ክፉ ልጅ አይደለም። የዚያው የመንዝ ልጅ ነው፤ እናቱንም አባቱንም ታውቃቸዋለች። አፍሮ ሲያበቃ የመጋዘኑን በር ገፋ አደረገና ከጀርባው የተለጠፈውን ወረቀት አሳያት። አመተሥላሴ ማንበብ የተማረችው አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ስለሆነ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። "ለጊዜው ፈትል የማይወሰድባቸው ቤቶች" ይላል። ከሥሩ አሥራ አንድ ስም ተጽፏል። ሰባተኛው የእሷ ነው። ሌላ አንድም ቃል የለበትም።

"ምን አጥፍቼ ነው?"

"ያጠፉት ነገር የለም። ክረምት የመዘገብነው መዝገብ ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቤትዎ ውስጥ ለብቻው የሚተኛ ሰው አለ ይላል። ከላይ ያሉት ሰዎች የአራቱን መጋዘን መዝገብ አንድ ላይ አድርገው አዩት። በዚህ ብርድ ሰው ከቤተሰቡ ተለይቶ የሚተኛው ቢታመም ነው፣ ያውም የሚተላለፍ ቢሆን ነው አሉ። የምንሠራው ብርድ ልብስ ደግሞ ሆስፒታልም ይሄዳል፣ ትምህርት ቤትም ይሄዳል። እንዲህ ካለ ቤት አትቀበሉ ተባልን።"

"እኔ ቤት የታመመ ሰው የለም።"

"እኔም አለ አላልኩም።"

"ታዲያ ማነው አለ ያለው?"

ክንፈ በሩን መልሶ ዘጋው። "ማንም አላለም" አለ በመጨረሻ።

ዘመኑ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። ቀበሌው ከመሐል ሜዳ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። የሱፍ ድርጅቱ ወደዚህ ደጋ ከመጣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ሐሙስ ሐሙስ የሴቶቹን ፈትል በአራት መጋዘኖች ይቀበልና ብርድ ልብስ ወደሚሠራበት ከተማ ይጭናል። አገሬው ጠጉር የሚለውን እሱ ሱፍ ይለዋል። ከዚህ በቀር የሚጠላበት ምክንያት አልነበረም።

ከዚያ በፊት ፈትል የሚሸጠው ገበያ ላይ ነበር። ያ ጊዜ አመተሥላሴን ዛሬም ይናፍቃታል። ሸማኔው ክሩን በሁለት ጣቱ ይስበዋል፣ ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፣ ያሸተዋል፣ ከዚያ በኋላ ዋጋ ለማስቀነስ የማይለው ነገር የለም። አንዱ ሸማኔ እንዲያውም ፈትሏን ሳብ ሳብ አድርጎ "ይኼማ ለስልክ ሽቦ ነው የሚሆነው" ብሎ ገበያተኛውን አሳቀባት። ዱባለ ይባላል። እሷም "እንግዲያው ደውልበት" አለችው። በዓመቱ ተጋቡ። ዱባለም ሆነ ከእሱ በፊት የነበሩ ገዢዎች ስለ ፈትሉ ያልጠየቋት ነገር አልነበረም፤ ቤትሽ ማን ከማን ጋር ይተኛል ብሎ የጠየቃት ግን የለም።

ክንፈ በነሐሴ ጭቃ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ቤት ለቤት የዞረው ዘዴ ይዞ ነው። በዚያ አገር ልጅና በግ አይቆጠርም። ከእሱ በፊት የመጣ አንድ ቆጣሪ "ስንት ልጅ አላችሁ? ስንት በግ?" ብሎ ጠይቆ፣ "እግዜር የሰጠን አለን" ተብሎ፣ ጠላውን ጠጥቶ ወረቀቱን ባዶውን ይዞት ነው የተመለሰው። ክንፈ የአገሩን ጠባይ ስለሚያውቅ ስለ ሰውም ስለ በግም አልጠየቀም። ስለ ባና ጠየቀ።

"ስንት ባና አላችሁ? አንዱ ባና ስንት ሰው ያለብሳል? ጠጉሩ ከቤት ነው ከገበያ?"

ያለዚያ ወፍራም የጠጉር ልብስ የመንዝን ውርጭ የሚያድር ሰው የለም፤ ባናውን የሚደብቅ ሰውም የለም። ሴቶቹ እየተሽቀዳደሙ መለሱ። ድርጅቱ ብርድ ልብስ በየቤቱ ልክ ሊሠራ ነው ስለተባለ ደስ እያላቸው ፈረሙ። አመተሥላሴም ፈረመች፤ በአውራ ጣቷ ሳይሆን በብዕር። መሠረተ ትምህርት ከገባች ወዲህ ስሟን ከሰሌዳ ሌላ ቦታ ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው። ስድስቱን ፊደል ደርድራ ስትጨርስ የመጨረሻዋ ሴ ከወረቀቱ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም ነበር። ያን ቀን ማታ ድረስ ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም አላጠበችውም።

ችግሩ የመጣው ከመፈረሟ በፊት በመለሰችው መልስ ነው። ቤቷ ሁለት ባና አለ። በአዲሱ እሷ፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችው ልጇ አደይና ትንሿ ማንጠግቦሽ ሦስት ሆነው ይተኛሉ። አሮጌው በተጋቡበት ዓመት እሷ ፈትላ ዱባለ የሠራው ነው። ዱባለ ባለ ጊዜ አራቱም በዚያ ባና ሥር ነበሩ። እሱ በእንቅልፍ ልቡ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ እሷ በክርኗ ጎሸም አድርጋ ትመልሰዋለች፤ ልጆቹ መሐል ሆነው ይስቃሉ። በባናው ሥር የተወራው ሁሉ ጠዋት ከባናው ጋር አብሮ ይታጠፋል፤ ደጅ አይወጣም። ዱባለ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። እሱን በቀበሩ ማግስት ባናውን አጥፋ ሣጥን ላይ አኖረችው። እስከ ሰባት ዓመቱ ተዝካር ላትዘረጋው ለራሷ ማለች፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለልጆቿም።

"አሮጌውስ ስንት ሰው ያለብሳል?" ብሎ ክንፈ ሲጠይቃት "ማንንም" ለማለት አልደፈረችም። ማንንም ካለች ዱባለ እንደገና የሚሞትባት መሰላት። "አንድ ሰው" አለችና ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ክንፈም "አንድ" ብሎ ጻፈ።

ሐሙስ ፈትሉ ተመለሰ፤ ቅዳሜ ደግሞ ከሸለቆው ማዶ ዘመሮ ገበያ ውሎ የመጣው ጎረቤቷ ወሰኔ ደጃፏ ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ ሲል ታየ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳይጠራ ነበር የሚገባው።

"ከጥሩሸዋ ዘንድ መልእክት አለኝ" አለ፣ እዚያው እንደቆመ።

ጥሩሸዋ የአደይ እጮኛ የአፈወርቅ እናት ናት፤ አመተሥላሴ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ሁለቱም ገና ልጃገረዶች ሳሉ ጠጉራቸውን ተሸክመው መሐል ሜዳ ገበያ አብረው ይወርዱ ነበር። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ተብሎ ተቆርጧል፤ የቀረው አምስት ሳምንት ነው።

"ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት። ሠርጉ... ለጊዜው ይቆይ ብላለች። ሥራ በዝቶብናል፣ እስከ ፋሲካ እንየው ብላለች።"

"ወሰኔ፣ እውነቱን ንገረኝ። ወረቀቱ ዘመሮም ተለጥፏል?"

"በአራቱም መጋዘን ነው የተለጠፈው።" ወሰኔ መሬት መሬት አየ። "ምንም አይልም እኮ፣ ስም ብቻ ነው። የቀረውን ሰው ነው የሚሞላው። አንዱ የሳምባ ነው ይላል፤ አንዱ... ምን አስደገመኝ።"

አደይ ከውስጥ ሆና ሁሉን ሰምታዋለች። እንዝርቷ ከእጇ ወድቆ መሬት ላይ ሲሽከረከር ቆየ። ልጅቱ አላለቀሰችም፤ እናቷን አንጀቷን የበላት ይኸው ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አመተሥላሴ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ፊት ቆመች። ሸንጎው የሚቀመጠው ዱሮ የባላባት ጎተራ በነበረ ቤት ውስጥ ነው፤ ዛሬም ገብስ ገብስ ይሸታል። ዳኛው ጋሽ መርስዔ ኃዘን ናቸው። ከቄስ ትምህርት ቤት እስከ ቅኔ ቤት የዘለቁ፣ እግራቸው ቢታመም አገልግሎቱን የተዉ ሰው ናቸው፤ ሕዝቡ የመረጣቸው መጽሐፍ ስለሚያነቡና ሰው ስለማይፈሩ ነው። መነጽራቸውን በክር አስረው ጆሯቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ክንፈም ተጠርቶ መጥቷል፤ ድርጅቱን ወክሎ የሚቆም ሌላ ሰው አልተገኘም።

"ሕጉን ከትናንት ጀምሬ ሳገላብጠው ነው የዋልኩት" አሉ ጋሽ መርስዔ። "ለነገርሽ የሚቀርቡ ሦስት ነገሮች አገኘሁ። የሰው ስም በሐሰት ያጠፋ፣ የሰው ደብዳቤ የከፈተ፣ በአደራ የሰማውን ምስጢር ያወጣ። እንግዲህ ልጠይቅሽ። ይኼ ልጅ ቤትሽ ገብቶ የደበቅሽውን አየ?"

"አላየም። እኔው ነኝ የነገርኩት።"

"የነገርሽውን ለውጦ ጻፈ?"

"እንዳልኩት ነው የጻፈው።"

"ፈቅደሻል? ፈርመሻል?"

"ፈርሜያለሁ፤ ያውም ኮርቼ።"

"ታማለች፣ ቤቷ በሽተኛ አለ ብሎ የተናገረ ሰው ታውቂያለሽ?"

"ማንም የለም።"

"ድርጅቱ ፈትልሽን የመግዛት ግዴታ አለበት?"

"የለበትም።"

ጋሽ መርስዔ መጽሐፉን ዘጉት። "አየሽ፣ ልጄ፣ ጉዳትሽን አየዋለሁ። ግን ሳነሣው ከእጄ ይወድቃል። የሰደበሽ የለም፣ የዋሸብሽ የለም፣ የሰረቀሽ የለም።"

አመተሥላሴ ነገሩን በምታውቀው ሥራ አሰበችው።

"ጋሽ መርስዔ፣ እኔ የሰጠሁት አንዲት ዘለላ ጠጉር ነው። አንዲት ዘለላ ጠጉር ዝንብ አታስርም። ጎረቤቴም አንድ ሰጠች፣ ዘመሮ ያሉትም ሰጡ። ከላይ ያሉት ወስደው አንድ ላይ ፈተሉትና ገመድ ሆነ፤ በገመዱ ልጄን አሰሯት። እርስዎ ስለ ዘለላዋ ይጠይቁኛል። ስለ ዘለላዋማ ምን ቅሬታ አለኝ? የከሰስኩት ገመዱን ነው።"

ጋሽ መርስዔ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ለመጥረግ የሚሆን ቆሻሻ ግን አልነበረበትም።

"እውነትሽን ነው" አሉ። "እውነትሽን ነው፤ ይህን የሚል አንቀጽ ግን የለኝም። የንስሐ አባት የሰማውን ቢያወጣ ክህነቱ ይያዛል። ያ ሥርዓት የሚሠራው ጆሮውም አፉም የአንድ ሰው ስለሆነ ነው። የዚህ ድርጅት ጆሮው እዚህ ነው፣ አፉ ዘመሮ ነው፣ ልቡ የት እንዳለ ክንፈም አያውቀው። ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም፣ ጋሽዬ" አለ ክንፈ። እውነቱን ነበር። "ግን መላ አለው። ማስተካከያ ቅጽ አለ።" ከኪሱ አጣጥፎ የያዘውን ወረቀት አወጣ፤ ይዞ የመጣው አዝኖላት እንደሆነ ያስታውቃል። "'ለብቻው የሚተኛ የለም' ብለው ይፈርማሉ። በሚቀጥለው ወር ስምዎ ይነሣል። አንድ መስመር ናት።"

"ይኼ ከሥሩ ያለው ክፍት ቦታስ?" አለች አመተሥላሴ።

"ፊት የሰጡት መልስ ለምን እንደተለየ ምክንያት ይጻፍበታል። ያለ ምክንያት አይቀበሉም።"

"ምክንያቱን ማን ያነበዋል?"

ክንፈ ጆሮ ግንዱን አከከ። "ከላይ ይሄዳል። ከዚያ ሰው እንዲያውቀው በአራቱም መጋዘን ይለጠፋል።"

አመተሥላሴ ብዕሩን ተቀበለችው። የምትጽፈው ታወቃት፤ ፊደሉም አይቸግራትም። ባሌ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ ባናውን አጥፌ ሣጥን ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ማንም አይተኛበትም። ይህ ዘመሮ መጋዘን በር ላይ ሲለጠፍ፣ ተሰልፈው የቆሙ ሴቶች በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡት ታያት። ከዚያ ደግሞ ከተማ ያሉት ሰዎች ከሌላው ጋር ፈትለው ምን ያደርጉት ይሆን? ለሙት ባና ያጠፈች ሴት ምን ትባላለች? በየትኛው ዝርዝር ትገባለች? ብዕሩን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ይቅርብኝ" አለች።

"የልጅሽ ሠርግስ?" አሉ ጋሽ መርስዔ።

"እሱን እኔ አውቅበታለሁ።"

ቤቷ ስትደርስ ቀጥታ ወደ ሣጥኑ ሄደች። ባናውን አውርዳ በመጫኛ አስራ ጀርባዋ ላይ ስታደርገው አደይ ደንግጣ ተነሣች። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲነካው ያልተፈቀደ ነገር ነው።

"እማዬ፣ ወዴት ልትወስጂው ነው?"

"የሚጠየቅ ሰው አለኝ" አለችና ወጣች።

የጥሩሸዋ ቤት ከሸለቆው ማዶ ነው። ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ዳገቱን በእጇ ጉልበቷን እየደገፈች ወጥታ ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ጥሩሸዋ ደጇ ላይ ገብስ በሰፌድ ታንገዋልላለች። ስታያት ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ትዝ ያላት ይመስል ጨለመ። ከድንጋዩ መደብ ራቅ ብላ ቆማ "እንዴት ዋልሽ" አለቻት። ጠላም አመጣችላት። ያመጣችው ግን በዋንጫ አይደለም፤ መንገደኛ ውኃ በሚጠጣበት ጣሳ ነው። አመተሥላሴ ጣሳውን አየችው፤ ከመጋዘኑ ወረቀት ይበልጥ ያመማት ይኼ ነው። ተቀብላ አጠገቧ አስቀመጠችው።

"ጥሩዬ፣ ያን ለብቻው የሚተኛውን አምጥቼልሻለሁ። እይው።"

ጥሩሸዋ በመንገዱ ሌላ ሰው የሚመጣ መስሏት ዞር ዞር አለች። አመተሥላሴ ሸክሟን መደቡ ላይ አውርዳ መጫኛውን ፈታችው። እጥፋቱ ደርቆ አልላቀቅ ብሎ ታገላት። ሲዘረጋ ሽታው ወጣ፤ የጢስ፣ የበግ ጠጉር፣ ከዚያ ሥር ደግሞ የዱባለ። አምስት ዓመት የፈራችው ይህን ነበር፤ አንድ ጊዜ ከተፈታ ተመልሶ እንደማይገባ ታውቃለች። ነፋሱ ወስዶ ከገብሱ ገለባ ጋር በተነው። እንባዋን አልጠረገችውም።

"ዱባለ ነው" አለች። "ክንፈ ስንት ሰው ያለብሳል ሲለኝ ማንንም ማለት አቃተኝ። አንድ አልኩት። በሽታዬ ይኸው ነው።"

ጥሩሸዋ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ መጣችና የባናውን ጫፍ ገለበጠችው። ጥቁሩ ጠጉር መሐል፣ ጠርዙ ላይ አንዲት ነጭ የማግ ክር ገብታለች።

"የእኔም ባና አላት" አለች። "ዱባለ ሲሠራልኝ ይኼ ምንድነው ብለው፣ ባናዬ ከጠፋ እንደ በግ የምጠራው በሷ ነው አለኝ። እንዴት ያለ ቀልደኛ ነበር!" ጫፉን በጣቷ ዳበሰችው። "ለምን አልነገርሽኝም፣ አመቴ?"

"አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"ወረቀቱ ላይ አየሁት።"

"ወረቀቱ ምን አለሽ?"

"ምንም" አለች። "ምንም አላለኝም።" ጎንበስ ብላ ጣሳውን አነሣችና ጠላውን ደፋችው። ወደ ቤት ገብታ ስትመለስ ራሷ የምትጠጣበትን ዋንጫ እስከ አፉ ሞልታ ይዛለች። አንዴ ተጎነጨችላትና ሰጠቻት።

"ለጥር ነው ያልነው፣ ለጥር ነው። አፈወርቅም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልበላልኝም።"

"ስሜ ከበሩ አይነሣም፣ ጥሩዬ። ፈትሌንም አይወስዱትም። ወደ ገበያዬ እመለሳለሁ።"

"ቅዳሜ ስትወርጂ ጥሪኝ፤ እኔም እወርዳለሁ።"

ከጓሣው ሜዳ በኩል ብርዱ መጣ። ጥሩሸዋ መደቡ ላይ አጠገቧ ቁጭ ብላ የባናውን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ሳብ አደረገችው። አመተሥላሴ ልታጥፈው ጠርዙን ይዛ ነበር፤ ለሰባት ዓመቱ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። እጇ እዚያው ቆየ።

"ወደ ራስሽ ብቻ አትሳቢው እንጂ" አለች። "አንቺም እንደሱ ልትሆኚብኝ ነው?"

ጥሩሸዋ ሳቀች። አመተሥላሴም በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና የራሷን ድርሻ ወደ ጉልበቷ ሳበች። ባናውን መልሳ አላጠፈችውም።